የአሳንሰሩ ሳንቲም

ግልዳኒ የሚሉት የትብሊሲ ሰፈር፣
ሳንቲም ካልጎረሰ አይወጣም አሳንሰር።
ከመስታወቱ ጎን፣ ከአዝራሮቹ በታች፣
አንዲት የብረት አፍ፣ ሁሌም የተራበች፤
አስር ቴትሪ ስትውጥ ሽቅብ ትነሣለች፣
ባዶ እጅ ካየች ግን ዝም ብላ ትተኛለች።

እኔ ምግብ አድራሽ ነኝ፤ ቢጫ ሳጥን አዝዬ፣
«ኮከቤ ወረደ፣ ምግቡ በረደ» ብዬ፣
ስሮጥ የምውል ሰው።
ስለ እግዜር ከሆነ፣ ሰምቼ ጠግቤያለሁ፤
ሜትሮው በር ላይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ የሚጮኸውን አውቃለሁ፤
«ሲኦል ቀርቧል» የሚል ወረቀቱን ተቀብዬ፣
የፈሰሰ ሾርባ ጠርጌበታለሁ።

በጥር አንድ ምሽት ዘጠነኛ ፎቅ ተባልኩ፤
ክርና ቁልፍ ብቻ ከኪሴ ጥግ ዳበስኩ።
ሁሉ በስልክ በሚከፈልበት ዘመን
ሳንቲም የሚይዝ ማን?
ያኔ ነው ያየኋት፣ ከብረቱ አፍ አናት፣
አንዲት የእርጎ ጣሳ፣ በሽቦ ታስራ ናት፤
ውስጧ አምስት ስድስት ሳንቲም፣ ደረቷ ላይ የእጅ ጽሕፈት፦
«ያለው ይጨምር፤ የሌለው ይውሰድ።»
ስም የለ፣ ጥቅስ የለ፣ መስቀል እንኳ የለባት።
ወሰድኩ። ወጣሁ። ኺንካሊው እንደሞቀ ደረሰ፤
ኮከቤም አልቀነሰ።

ከዚያ ወዲያ በመጣሁ ቁጥር ዓይኔ እሷን ትፈልጋለች፤
አንድ ቀን ትሞላለች፣ አንድ ቀን ትጎድላለች።
የማታ ተረኛዋ ነርስ፣ እርምጃው የሚምታታበት ሰካራም፣
ቦርሳው ከጀርባው የሚበልጥ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣
የወሰደ እንጂ ማን እንዳኖረ የሚያውቅ የለም።
ሌባ ወስዷት ሽቦዋ ብቻ የተንጠለጠለ ቀንም አለ፤
በማግስቱ ሌላ ጣሳ፣ በዚያው የተንጋደደ ፊደል፣ እዚያው ቦታ ተተከለ።

ናዚብሮላ ነበረች፤ ሰባተኛ ፎቅ፤ ጡረታ የወጣች ቲኬት ቆራጭ።
አንድ ቅዳሜ ማለዳ የመሐረቧን ቋጠሮ ስትፈታ ያዝኳት፤
«ለምን?» አልኳት።
«መስበክ አልችልበት» አለች፤ «ምላሴ እሾህ ነው፣
አርባ ዓመት ባቡር ውስጥ ሰው ሲያደማ የኖረ ነው።
እግዜርን ‹እጄን ተጠቀምበት፣ አፌን ግን እለፈው› አልኩት።»
ሳቅሁ፤ ጸሎቱን ግን ወደድኩት።

ነገር ግን ፂያላ አለች፤ ስምንተኛ ፎቅ፣
ቧንቧዋ አፍስሶ የናዚብሮላን የማርያም ሥዕል ያበሰበሰች፤
ሥዕሉ ጉንጭ ላይ ዛሬም ቢጫ እድፍ አለ፣
ናዚብሮላ ሻማ ባበራች ቁጥር ፂያላን ታይበታለች።
ሦስት ዓመት አይነጋገሩም። ያቺ አሳንሰሩ ውስጥ ከታየች፣
ይህቺ በሰባ ዓመት ጉልበቷ በደረጃ ትወጣለች።
«ሳንቲምሽ ለሁሉ ነው፤ እግርሽ ግን ይመርጣል» አልኳት ስቀልድ።
ሁለት ሳምንት ዘጋችኝ።

ጾም ሊገባ ሲል፣ እሑድ፣ ሰው ይቅር ሲባባል በሚውልበት፣
ሁለት ፌስታል ድንች ተሸክሜላት ገባን፤ ቦርሳዋን ረስታ ቤት።
እጇን ወደ ጣሳዋ ሰደደች፤ ጢም ብላለች።
«ትናንት ባዶ ነበረች፤ እኔ አልሞላኋት» አለች።
በሩ ሊዘጋ ሲል አንድ እጅ ገባ፣
ሳንቲም የጨበጠ፤ ከኋላው ፂያላ፣ ዓይኗ በድንጋጤ እንደ ሌባ።

ሦስት ሰው፣ ሁለት ፌስታል ድንች፣ አንድ ቢጫ ሳጥን፤
ማንም አልተነፈሰ፤ ብረቷ ብቻ አቃሰተች።
ሰባት ደረስን። በሩ ተከፈተ።
ናዚብሮላ አልወረደችም።
ስምንት ላይ፣ ወለል ወለሉን እያየች፦
«ያ ቧንቧ... እስቲ ልየው» አለች።

በሩን በእግሬ ያዝኩላቸው፤ ድንቹን አቀበልኩ፤ ዘገየሁ።
የዘጠነኛው ፎቅ ሰው ምግቡ በርዶበት አንድ ኮከብ ሰጠኝ፤ አየሁ።
ለመውረድ አይከፈልም፤ ቢሆንም ኪሴን ፈተሽኩ፤
አስር ቴትሪ አገኘሁ።
ጣሳዋ ውስጥ ጣልኩ።