ገጽ ሁለት

ሦስት ገጽ ነው የላኩልኝ ከጉባኤው ጽሕፈት ቤት፣
ሻንጣዬን ሳልዘጋ ሁለት ጊዜ ያነበብኩት፣
አጥፌ ከደረት ኪሴ እንደ ክታብ የያዝኩት።

ገጽ አንድ፦ ሪያሉ ሺህ ባይሳ ነው፤ ቸኩላችሁ አትቁጠሩ።
ሶኬቱ ሦስት ጥርስ አለው፤ መሰኪያ ይዛችሁ ኑ።
ደጁ እሳት፣ አዳራሹ በረዶ ነው፤ ሹራብ አትርሱ።
ገጽ ሦስት፦ ለአንድ ተናጋሪ አሥራ ሁለት ደቂቃ፤
ቀይ መብራት የበራ እንደሆን፣ ነገሩ ያኔ አበቃ።
ዋናው ግን ገጽ ሁለት ነው፤
የሆቴሉ ስም በዐረብኛ፣ ለባለ ታክሲ የሚታየው፣
አውቶቡሱ የሚነሣበት ሰዓት፣
ከታች በደማቅ ቀለም አንድ የስልክ ቁጥር፦
«ለቸገረው ሁሉ፤ ቀንም ይሁን ሌሊት።»

አውሮፕላኑ ውስጥ ኮት የለበስኩ እኔ ብቻ ነኝ።
ፊትና ኋላዬ ቢጫ ሻርፕ ያሰሩ ልጆች፣
ኤጀንሲው ለቆጠራ እንዲመቸው ያለበሳቸው።
ቅጹ ሲታደል እስክሪብቶ የተገኘው ከእኔ ዘንድ ነው፤
ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ የአሥራ አንድ ሰው ሞላሁ።
«የጉዞው ምክንያት» ይላል፤ ለራሴ «ጉባኤ» አልኩ፣
ለእነሱ «ሥራ»፣ አሥራ አንድ ጊዜ።
«የሚያርፉበት አድራሻ»፤ የእኔን ከገጽ ሁለት ገለበጥኩ።
«አንቺስ?» አልኳት የጎኔን፣ ራቢያ ይመርን፣ የባቲዋን።
«እሱን እነሱ ያውቁታል» አለች፤ «ማዳም ነው ስሟ።»
ማዳም ብዬ ጻፍኩ።

«እርስዎስ ምን ሊሠሩ?»
«ስለ ውሃ ልናገር፤ ከመሬት ሥር እንዴት እንደሚገኝ።»
ሣቀች። «ውሃማ እኔም አውቃለሁ፤
ቁልቁል አንድ ሰዓት፣ ሽቅብ ሁለት፣ ጀሪካኑ ጀርባዬን እየላጠኝ።
ለዚህ አውሮፕላን ይከፍላሉ?»
መልስ አጣሁ። ከጥናቴ፣ ሠንጠረዥ አራት ላይ፣
«አማካይ የመቅጃ ርቀት» የሚል ዓምድ ነበር፤
አማካይዋ አጠገቤ ተቀምጣ ከረሜላ ትመጥ ነበር።

ሙስካት ስንወርድ ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ።
በግራ እኛ፤ በቀኝ ቢጫውን የሚቆጥር ሰውዬ፣
ፓስፖርቱን በላስቲክ አስሮ።
ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ገጽ ሁለትን ገነጠልኩት፣
አራት አጥፌ ሰጠኋት።
«የማን ቁጥር ነው?»
«የሰዎቼ» አልኩ። አንዳቸውንም አላውቅም።
ጫማ ለማሰር ጎንበስ ብላ ካልሲዋ ውስጥ ከተተችው።

አውቶቡሱ ሄዷል። ኸልፋን የሚሉት ሽማግሌ
ከታክሲው በር ተደግፎ «ወዴት?» አለኝ።
ወዴት! የጉድጓድ ጥልቀት በሴንቲሜትር የምናገር ሰው
ማደሪያዬ ጠፋኝ። «ባሕር አጠገብ» አልኩት።
«እዚህ ባሕር አጠገብ ያልሆነ ምን አለ?»
በሩዊ፣ በመጥራሕ፣ ከደጅ ደጅ ዞረን
አራተኛው በር ላይ የጉባኤውን ባነር አየን፤
የአንዱን መንገድ ሒሳብ ብቻ ተቀብሎኝ ሄደ።

በነጋታው ሠንጠረዥ አራት ላይ ስደርስ
ቀዩ ሳይበራ ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ የቢሮዋ ሺጂ፣ የኬረላዋ፣
«ሌሊት አንዲት ልጅ ደወለች» አለችኝ፤
«አንድ ቃል ብቻ ትደጋግማለች፦ ውሃ፣ ውሃ።
ጥም መስሎኝ ደነገጥኩ። ከአገርህ ያለኸው አንተ ነህ።»
እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩ። ራሷ አነሣችው፣ በሹክሹክታ፦
«ደህና ነኝ፤ ይሠራ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው።
ወንዝ ሳይገቡ በበትር ነው የሚለካ።
ስምዎን አልነገሩኝ፤ የውሃውን ሰውዬ ጥሩልኝ ብላቸው
ማን ይስማኝ።» ዘጋችው።

ሺጂን ጠየቅኋት፦ ጉባኤው ሐሙስ ሲያበቃ፣ ስልኩስ?
«ሲም ካርዱ የቢሮ ነው» አለች። ሳህኗን ገፋ አድርጋ
ቆየት ብላ፦ «እኔ ቦርሳ ውስጥ ይሰነብታል።»

ለከርሞ ተሳታፊዎች፦ ሹራቡን አትርሱ፣ መሰኪያውንም።
ገጽ ሁለትን ግን
ሁለት አድርጋችሁ አትሙ።