የውሃ ደብተር

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ፤
ውሃ በሳምንት አንዴ፣ ሌሊት የሚለቀቅ።
ቀኑ እንዳይጠፋብኝ እስክሪብቶ ፈልጌ
የናርዶስን የሒሳብ ደብተር ከኋላው ጀመርኩ፦

ማክሰኞ፦ አልመጣም።
ረቡዕ፦ አልመጣም።
ሐሙስ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፦ መጣ። ሦስት ጀሪካን።

ወር እንኳን ሳይሞላው እጄ አመል አወጣ፤
ከ«አልመጣም» ቀጥሎ ሌላ ወሬ አመጣ።

አልመጣም። የታክሲው ሰልፍ አስፋልት ደርሶ ነበር።
አልመጣም። አለቃዬ ጮኸብኝ፤ ዝም አልኩ። መልሱ አሁን መጣልኝ።
አልመጣም። የናርዶስ ጥርስ ተነቀለ፤
ጣሪያ ላይ ልወርውር ብትል
ጣሪያችን የሰው ወለል ነው።

ከዚያ አምስት መስመር ባዶ።
ደብረ ሲና ነበርኩ፣ ወንድሜን አፈር ሳለብስ።
እስክሪብቶው ኪሴ ውስጥ ነበር።
ተመልሼም አልሞላሁት።

ትናንት ሌሊት ቧንቧው ሲያጉረመርም ሰማሁ፤
ይቺን መስመር ልቋጭ ብዬ ትንሽ ቆየሁ።
በሩ ተደበደበ፦ ከታች ወይዘሮ ስንዱ፣
«ኧረ ኮርኒሴ! ኧረ ቤቴ በሰበሰ!»

ወለሉን ወልውዬ፣ እግሬ ሳይደርቅ፣ ጻፍኩ፦
ሐሙስ። መጣ። ሞልቶ ፈሰሰ።