የኋላ ወንበር

ቅዳሜ ነው። ከሌስተር ባቡር ወርጄ፣
የኦክሃምን ጭጋግ በእግሬ ቀድጄ፣
ከሐይቁ ዳር፣ ከብስክሌት ኪራዩ ደጅ
ክላይቭ ቆሟል፤ ነጭ በትሩን ይዞ በእጅ።
"ዘገየሽ" ይለኛል፣ በሰዓቱ ብደርስም፤
"ነፋሱ ቀድሞሻል"፤ ይሄን ሳይል አይነሣም።

ሰባ አራት ዓመቱ። ዓይኑ ከፈዘዘ፣
ብርሃን ከሄደበት ዘጠኝ ዓመት ያዘ።
ብስክሌታችን ረጅም፣ ባለ ሁለት ወንበር፤
እኔ ከፊት ልመራ፣ እሱ ከኋላ ሊበር።
ሰንሰለቱ አንድ ነው፤ ስረግጥ ይረግጣል፣
ስለግም ያውቅብኛል፣ በሳል ይገሥጣል።

ማኅበሩ ሲያጣምረን የሰጠኝ ሕግ አንድ ነው፦
ያየሽውን ሁሉ ሳትሰስቺ ንገሪው።
ቀላል መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀን
"ሐይቁ ሰማያዊ ነው" አልኩት።
ሳቀ። "ይሄንማ ፖስት ካርዱም ይላል። እንደ ምን?"
እኔ መድኃኒት ቀማሚ፣ ሚሊግራም መዛኝ፣
ለአንድ ሐይቅ የሚሆን ቃል ከየት ይገኝ?
"የተማሪ ቀለም፣ ብልቃጡ ሊያልቅ ሲል፣
ውሃ የጨመሩበት፣ ወረቀት ላይ የሚዋልል—"
"በቃ" አለኝ፣ "አሁን ታየኝ።
ቀጥዪ።"

እንግዲህ እንዲህ ነው የምንዞረው ሐይቁን፦
አሥራ ሰባት ማይል፣ ሳናጣድፍ ቀኑን።
"በጎች" እለዋለሁ፣ "መንገዱን ወርሰው፤
አንዷ ማኘክ ትታ እኛን ነው የምታየው።"
"ጀልባዎች፣ ሸራቸው ያበጠ፤ ስምንት... አይ፣ ዘጠኝ፤
አንዱ ተገልብጦ ባለቤቱ ሲዋኝ።"
"ውሃ የከበባት ቤተ ክርስቲያን አለች፣
ቀሚሷን ሰብስባ ልትሻገር የቆመች።"
የብረት ፍርግርጉ ጥርሳችንን ሲያንቀጫቅጭ
"ቀድመሽ አልነገርሽኝ" ብሎ ሲነጫነጭ፣
ያልፉናል ሕፃናት ደወል እየደወሉ፣
ያልፉናል በባትሪ ጡረተኞች ሁሉ።
"ቀስ በቀስ" አልኩት፣ "እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤
በኛ አገር ይባላል።"
ግማሽ ማይል ዝም አለ። ከዚያ፦
"በእግሩ የት ሊደርስ? ብስክሌት ይግዙለት።"

ከግድቡ ማዶ፣ ተዳፋቱ ሲያልቅ፣
"ቁሚ" አለኝ አንድ ቀን።
በምን እንዳወቀው፣ በጉልበቱ ይሁን፣
ነፋስ ጉንጩን የነካው በየት በኩል እንደሆን!
"ከበታችሽ" አለ፣ ጣቱን ወደ ውሃው፣
"ጠባብ መንገድ አለ፤ እኔ ነኝ የማውቀው።
ከመታጠፊያው ላይ የእናቴ ልብስ ገመድ፤
እኔ ጋዜጣ አዳይ፣ በብስክሌት ስነጉድ።
ውሻው የሚናከስ ሦስተኛው ቤት ነበር፤
ጋዜጣ ወርውሬ፣ እግሬን ሰቅዬ ነው የማልፈው ያንን አጥር።
ቤቶቹን ቀድመው አፈረሷቸው፤
መንገድ ግን ማን ያፈርሳል?
ውሃው በመንገዱ መጣ፣ ግራውን ይዞ፣
እንደ ማንኛችንም።"

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጉዞ ነው የምንሄደው፤
ላዩን እኔ፣ ታቹን እሱ ነው የሚያወጋው።
እኔ "ንስር" ስለው፣ ዓሣ ይዞ ሲነሣ፣
እሱ "የወተት ጠርሙስ" ይለኛል፣ ደጅ ላይ የተረሳ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ እውነቱን ልናገር፣
ገመዱን ላይ ብዬ ውሃውን ስመረምር፣
መሪው ዞረብኝ።
ከነብስክሌቱ ሳማ ውስጥ ገባን፤
የፊት ጎማው ብቻውን ሰማይ ለሰማይ ይዞራል።
ዝምታ።
ከዚያ ከሳማው ውስጥ የክላይቭ ሳቅ፦
"ከሁለታችን ማነው ማየት የተሳነው?"

እጄ ተንጨረጨረ። እሱ በርከክ አለ፣
ሣሩን ዳሰሰ፣ ቅጠል በቅጠል አገላበጠ፣
ቱልት ቀጠፈና፣ አሸት አሸት አርጎ
ጣቶቼ ላይ ጨመቀው።
መድኃኒት ቀማሚዋ እኔ ነበርኩ።

"ግራሽን ያዢ" አለኝ ወንበሩ ላይ ሲወጣ፣
"ቀጥሎ የውሻው ቤት ነው።"
ውሃው ጸጥ ብሏል። በጎቹ ያኝካሉ።
ሁለታችንም እግራችንን ሰቅለን አለፍን።