የአንከርካ አፍ

ግንቦት ሊያልቅ ነው፤ ጦሳ ጠምጥሟል ደመና፣
ትላንት ማታ አንዴ አጉረመረመና
ዝም ብሏል። እኔም ንጋቱን ሳልዘገይ
ዘንጌን አሳሰርሁት ሚኒባሱ ጣራ ላይ።
ረዳቱ ሳቀብኝ፦ «ይህን ያህል ሸንበቆ
የማን ቤት ጣሪያ ድር ሊጠርግ ነው ዘልቆ?»

መልስ አልሰጠሁትም። አምስት ቀን በመስኮት
የውሃ ሂሳብ ስቀበል ካለ ዕረፍት፣
«ቆጣሪው ዋሽቷል» ሲሉኝ፣ «ቆጣሪ አይዋሽም» ስል፣
ውሃን በደረሰኝ ብቻ ሳውቀው ስውል፣
ቅዳሜ ሲነጋ እግሬ ራሱ ያውቃል፤
ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሐይቅ ይወርዳል።

ከጎኔ ጦይብ አለ፣ የልብስ ሰፊው ጦይብ፣
ሜትሩን ካንገቱ ላይ የረሳ መሰብሰብ፤
ያባቱን ሁለት አፍ በጋቢ ጠቅልሎ
እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ጭኑ ላይ አደላድሎ፣
ቆቅ ያልማል። «አሁን ነው፤ ሰኔ ከሸሸጋት
ድምጿ ብቻ ይቀራል፤ ማን አይቶ ሊያልማት?»

ከኮምቦልቻ የመጡ ሦስት ጎረምሶች ቀድመውን
ድንጋዩን ይዘዋል፣ በሬዲዮ ከፍተው ኳሱን፤
ማጥመጃቸው ፈረንጅ፣ የሚያብረቀርቅ ማንኪያ፤
የኔ ትል ከጓሮ ነው፣ ከጎመን ማሳደጊያ።

ሙሄ ታንኳውን ስቦ ደንገል ውስጥ ጠበቀን፤
ሰላምታም ሳይጨርስ በአገጩ አሳየን፦
«ጥልቁን ተዉት ዛሬ። ማታ አርዲቦ ላይ
ሲያወርደው ነው ያደረ፣ ተቀዶ ሰማይ።
አምባዛ ድፍርሱን በጢሙ ይቀምሳል፣
ጎርፍ የሸተተው ለት ከጥልቁ ይነሣል፤
አንከርካ ከሐይቁ ጋር አፍ ለአፍ ሲገጥም
እዚያ ጠብቁት እንጂ ሌላ ቦታ የለም።»

ጦይብ «ቢስሚላ» ብሎ ዳገቱን ወጣ፤
እኔ ትል ሰክቼ ጣልሁ፤ ቡሹ ጠለቀ፣ ወጣ።
መጀመሪያ ቆሮሶ፤ መዳፍ የማትሞላ።
ዘንጌን ወደ ሰማይ ሰብቄ እንደ ሻምላ
«ዘራፍ!» አልሁ፣ «ዘራፍ የማኅተም ጌታ!
ባለ ቅርፊት ገዳይ፣ በትል የሚማታ!»
ሙሄ እስኪያስለው ሳቀ፣ ታንኳው ተናወጠ፤
ቡሹ ግን በዚያው ቅጽበት ቁልቁል ሰመጠ።

ይኼኛው አልጨፈረም፤ ጎተተ በዝምታ፣
ክሩ ጣቴን ቆርጦ፣ ዘንጌ እስኪያሰማ ዋይታ።
አምባዛ። ክንድ ተኩል፣ ጢሟ የሚርመሰመስ።
አናቷን ስመታት በመቅዘፊያው ራስ
ሆዷ ተፈታና ታንኳው ወለል ላይ
እንቁላሏ ፈሰሰ፣ አረንጓዴ፣ ዳጉሳ መሳይ።
ሙሄ ምንም አላለም። በእፍኙ ዘገነና
ሐይቁ ላይ በተነው፤ እጁን ታጠበና
መቅዘፊያውን አነሣ።

ከዳገቱም በኩል ተኩስ አልተሰማም።
ጦይብ ባዶውን ወረደ፤ ጋቢው አልተፈታም ማለት ይቻላል።
«አላገኘህም?»
«አገኘሁ።»
«እና ታዲያ?»
«አንዲት እናት ቆቅ
ከስምንት ጫጩት ጋር። አልሜ ልለቅ
ስል፣ ይኼ ሜትር አንገቴን አሳከከኝ፤
እሱን ስፈታ አለፉ።» ዓይኑን ግን ሸሸገኝ።

ማታ ረዳቱ ዓሣዬን ሲያይ «ውይ ጋሼ!» አለኝ፣
የሸንበቆውን ቀልድ ትቶ ጋቢና አስቀመጠኝ።
«ስንት ያዙ?» አለ። ልቆጥርለት ሞከርሁኝ።
«ሁለት» አልሁ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ጠፋብኝ።

ሰኞ። አንዲት ሴትዮ መስኮቴን ቆርቁራ
«ቆጣሪው ዋሽቷል» አለች፣ ቢሉን ዘርግታ፣ ተማርራ።
ጣቴ ዓሣ ይሸታል፤ ሳሙና አላነሣውም።
«ሊሆን ይችላል» አልኋት። ማኅተሙን አልመታሁም።