ጉም ነው

ሰኞ ገበያ ላይ ከእጄ አምልጦ ወድቆ፣
የስልኬ መስታወት እንደ በረዶ ደቆ፣
ለይመር ሰጠሁት፣ ከቧንቧ ውሃ በታች፣ ከደረጃው ሥር።
«መክፈቻው?» አለኝ። የልደቴ ዓመት፣ አራት ቁጥር፤
ጮክ ብዬ ነገርሁት፣ ሦስት ሰው እየሰማ።
ምን የምደብቀው አለኝ? ሌባ አይደለሁማ!

ማታ ልወስድ ስሄድ ጉም ከጦሳ ወርዶ፣
ደሴን ከነጣሪያዋ፣ ከነመብራቷ ጋርዶ፣
የጎረቤት ልብስ ማስጫ እንኳ አይታይም ከማዶ።
ይመር ብሩን ቆጥሮ ስልኬን ሲሰጠኝ፣
«የልጅሽ ሳቅ ደስ ሲል! አላህ ያሳድጋት» አለኝ።

መረቀኝ እንጂ ክፉ አልተናገረም።
ያ ሳቅ ግን የኔ ነው፤ ለገበያ አልነበረም፤
ጥርሷ የወለቀ ለት፣ አልጋዬ ላይ፣ በፒጃማ።

ሐረጎን ስንወርድ፣ ሚኒባሱ ሲዞር ሲዞር፣
ሌላስ ምን አየ እያልሁ ጀመርሁ መቁጠር፤
የእህቴ ድምፅ፣ እያለቀሰች የላከችው ሌሊት፤
የላቦራቶሪ ወረቀት፤
የአረቡ ዕዳ፤ ጽፌ ያልላክሁት አንድ መልእክት።
እኔ፣ በሬን ሁለቴ የምቆልፍ፣ ሳይመሽ መጋረጃ የምስብ፣
ገመናዬን ካቻቢቴ ለያዘ ሰው አስረከብሁ፣
ከነመክፈቻው።

ኮምቦልቻ ገብቼ ቁጥሩን ቀየርሁት።
አሁን ረዥም ዐረፍተ ነገር ነው፣
የልደት ቀን የለበት፣ የልጅ ስም የለበት፤
ባሌም ቢጠይቀኝ «የራሴ ነው» አልሁት።
ሁለተኛ ቁልፍም ደረብሁበት።

ሐሙስ ስልክ ተደወለ፤ «ከባንክ ነው፣ እመቤት፤
አሁን የገባልሽን ስድስት ቁጥር ንገሪኝ፣ በፍጥነት።»
«ይቅርታ ወንድሜ፣ እዚህ ጉም ነው፤
ምንም አይታየኝም።»

የኮምቦልቻ ፀሐይ አናት ትበሳ ነበር።