የጓሳ ገመድ

እኔ መሬት ለኪ ነኝ። ደመወዜ ከመሀል ሜዳ፣
ሥራዬ ደግሞ ከገደል አፋፍ፤ የሰው ድንበር፣ የሰው ዕዳ።
ባትሪው ቶሎ የሚደክም ጂፒኤስ ነው መሣሪያዬ፤
ሰኞ ማለዳ ጓሳ ግርጌ ደረስሁ፣ አመዳይ ለብሶ ጫማዬ።

አራት ወንድማማች ጠበቁኝ፣ ቆመው ከማሳው ዳር፤
ችካል ይዟል ጌጤነህ፣ ታላቅየው ዝም ብሎ ያያል አፈር።
እናታቸው ማንያህልሻል ከጎታው ሥር ገመድ አወጣች፤
ጭስ የጠገበ፣ እንደ ተኛ ውሻ የተጠቀለለ፤ አራግፋ ሰጠች።

"የአማቴ ነው" አለች፣ "ከጓሳ ሣር የተገመደ፤
በዚህ ነው ርስት የተካፈለ፣ ሽማግሌ እየፈረደ።
ከወንዙ እስከ ኮሶው ድረስ አሥራ ሁለት ጊዜ ይዘረጋል፤
ጫፉን የያዘው ሰው ደክሞት መሀል ላይ ቁጭ ብሎ ያርፋል።
ለባሌ ሦስት ገመድ ደረሰው። ወደ እኛ ሲመጣ፣ አንድ።
እስቲ ዘርጋው፣ አንተ የመንግሥት ልጅ፤ እንይ የዛሬን ጉድ።"

ዘረጋሁት።
ማሳው አለቀ። ገመዱ ግን ገና በእጄ ላይ ነው፤
የጎረቤት ካብ ተሻግሮ ባቄላውን ሊያቅፈው።
ማንም አልሳቀ።
በሬ እንኳ እዚህ ሲዞር ቀንበሩ ከድንበር ይወጣል፤
እንዲህ ያለ ማሳ ለአራት ሲቆረስ ምን ይባላል?
መሣሪያዬ ቁጥር አወጣ፣ ነጥብ ከዜሮ በኋላ፤
ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስምንት። ለአንድ ሰው። ጎታ የማይሞላ።

ጌጤነህ ቀና አለ ያኔ፣ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ፣
ወደ ጓሳው፣ ጭጋግ ተከናንቦ ወዳደረ።
"ያ ሁሉ ለቀበሮ፣ ለአይጥ፣ ለጅባራ ሲሆን፣
እኛ በስንዝር ስንጣላ፣ እሱ ጦሙን የሚያድር ለምን?
ድሮ ውርጭ ነበር፣ ጌታው፣ ገብሱን ከዚህ የሚመልስ፤
አሁን ውርጩ ራሱ ሸሽቷል፤ እኛስ ለምን አንደርስ?"

እውነቱን ነው። በመዝገቤ ላይ በየዓመቱ አየዋለሁ፤
ገብስ ተራራ ሲወጣ በቁጥር እጽፈዋለሁ።
ድንች ይከተለዋል፣ ከድንቹ ኋላ ባሕር ዛፍ፤
ቀይ ቀበሮው ያፈገፍጋል፣ አንድ እርከን፣ ወደ አፋፍ።
ከአፋፉ ወዲያ ምን አለ? ገደል፤ ከገደሉ ሥር ይፋት።
ከዚያ በላይ ሰማይ ነው። በሬ አይወጣበት።

ማንያህልሻል ገመዱን እየጠቀለለች ክንዷ ላይ፣
"ልጄ" አለች፣ ፊቱን ሳታይ፣ "የዚህን ገመድ እናት እይ።
ሣሩ ሦስት ዓመት ይዘጋል፣ አምስትም፣ እስኪጠና፤
ቀን ሲቆረጥ ማጭዱን ይዞ አገር በሙሉ ይወጣና
የየድርሻውን አጭዶ ይወርዳል። በሩ ደግሞ ይዘጋል።
ያለ ቀኑ ያጨደ ሰው ጎጆው ሲቃጠል አይቻለሁ፤
ክፉ ነበር፣ አልዋሽህም፤ የወንድሜ ጎጆ ነው፣ አውቃለሁ።
ግን ጣራው ጓሳ፣ ገመዱ ጓሳ፣ የዝናብ ልብሱ ገሳው ጓሳ፤
እሱን ካረስኸው ወዲያ፣ ልጄ፣ በምን ትለካለህ ማሳ?"

ጌጤነህ መልስ አልነበረውም። ወይም ነበረው፣ ዋጠው፤
ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ከደጅ ቆማ፣ እሷን ነበር የሚያየው።
እኔም መልስ የለኝ። ፎርም አለኝ። ባዶ ቦታውን ሞላሁ፤
አራት ስም፣ አራት አውራ ጣት፣ አራት ጠባብ ሥዕል ሳልሁ።

በኅዳር ደብተር ላድል ስመለስ ገመዱንም ተካፍለውት፣
የጌጤነህን ሩብ አየሁ፣ ጥጃ ታስራበት።
አንዱ ጫፍ ከዚያው ከችካሉ፣ ሌላው ከአንገቷ ሥር፤
የደረሰችበትን ሁሉ ግጣ፣ የቀረው ክብ ጥቁር አፈር።
ከክቡ ማዶ አንድ ስንዝር፣ ለምለም ሣር ከነጤዛ፤
አንገቷን አስግጋ ቆማለች፣ ገመዱ ተወጥሮ፣ ዓይኗ ፈዛ።

ችካሉን ነቅሎ ማሻገር ይቻል ነበር አንድ እርምጃ።
እጄን ዘረጋሁ።
ከዚያ ወዲያ ያለው የሌላ ወንድም ነው፤ የሌላ ጥጃ።