ብረት ሞልቶ በቤቴ

ከቢቸና በታች፣ ከገበያው ማዶ፣
ማጭድ ስቀጠቅጥ ከሰሌ ተማግዶ፣
ሃያ ዓመት ኖርሁ ብረት እያጋልሁ፣
«የሱን ጠባይ ከኔ ማን ያውቃል?» እያልሁ።
ደጄ ላይ ማረሻ፣ ምሰሶው ላይ ስለት፣
አልጋዬ ሥር እንኳ ምሳርና ሰንሰለት፤
ለካ በሚስቴ ደም ጠፍቶ ኖሯል ብረት።

አንጓች አራተኛ ልጃችንን ወልዳ፣
ውሃ ቀድታ ስትመጣ ከገደሉ ወርዳ፣
አንዴ የምታርፈው ሦስቴ ሆነባት፤
ከንፈሯ አመድ ለብሶ፣ ጆሮዋ እየጮኸባት።

አንድ ሌሊት ነቃሁ፣ ግድግዳው ይጫራል፤
አይጥ መስሎኝ ዞርሁ፣ አይጥም እንዲህ ያፍራል?
ጭቃውን በጥፍሯ ፈልፍላ ፈልፍላ
አገኘኋት አንጓችን አፈሩን ስትበላ።

ሰፈሩማ አወቀ፤ ሰፈር ወሬ መች ያጣል?
«ቀጥቃጭ አይደል ባሏ? ሌላ ማን ይበላል?»
ቀን የኔን ማረሻ በእርፉ የሚያገባው
ማታ ከእሳቱ ዳር «ደሟን እሱ ጠባው!»
እኔም፣ ምን ልዋሻችሁ፣ አንዳንዴ ስተኛ
እጄን አሸተትሁት እንደ በደለኛ።

ጤና ጣቢያው ደርሰን፣ ሲስተር ባንቺአየሁ
የዓይኗን ቆብ ገለበጠች፤ ነጭ ነበር፣ አየሁ።
ጣቷን ወጋች፣ ሰገራም አስመረመረች፤
«ደሟ ብረት አንሶታል፣ ትል ነው ሌባው» አለች።
ሣቅሁ በሐፍረቴ። «ብረት ነው ያነሳት?
ከቤቴ ጠፍቶ ነው?» ስል፣ እሷ ሳይገርማት፦
«ያንተው ይሞረዳል፣ የሷ ግን ይዋጣል፤
እንስራው ሳይደፈን ውሃ ማን ይሞላል?
መጀመሪያ የትሉን፤ ከዚያ ይህቺን ቀይ፣
በቀን አንዲት ብቻ። ወተት፣ ቡና፣ ሻይ
ሁለት ሰዓት ይራቃት፣ ይሰርቁባታል፤
ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ይሻላታል።
ብትረሳ አንድ ቀን፣ በማግስቱ ሁለት
እንዳትውጥ፤ ሲበዛ መርዝ ነው ይህ ብረት።»

ዐቢይ ጾም ነበረ፤ ሆዷ ባዶ ውሎ
አቅለሸለሻት ኪኒኑ አንጀቷን ፈንቅሎ።
የንስሐ አባቷ ቀስ ብለው ሰሟትና
«ደምሽ አስቀድሞ ጾሞልሻልና
ቁራሽ ቅመሽበት» አሏት። ቀመሰች።
ሳምንት ሳይሞላ ግን ከጓሮ ተመለሰች
ፊቷ ተለዋውጦ፦ «ጥቁር ነው! ከሰል ነው!»
«ሲስተር ነግራኛለች። ብረትም አር አለው፣
ጥቁር ነው እሱም» አልኋት። ሃያ ዓመት የማውቀው
ያን ቀን ብቻ ጠቀመኝ። ሣቀች፤ ከስንት ጊዜዋ ነው።

ቀጥሎ የመጣውን ለሰፈር አልነገርሁም።
ብልቃጡ መደቡ ላይ ነበር።
ይበልጣል ሦስት ዓመቱ ነው፤
ቀይና የሚያብረቀርቅ ሁሉ ከረሜላው ነው።
ከወናፌ ቀና ስል ምላሱ ቀልቷል።
ቆጠርሁ፤ ዘጠኝ ጎድሏል።
መዶሻዬን እንደያዝሁ መሮጤን ያወቅሁት
ጤና ጣቢያው በር ላይ ነው።
ከዚያ አምቡላንስ፣ ከዚያ ሆስፒታል።
በማግስቱ ተነሥቶ በጫማዬ ሲጫወት
«ዳነልኝ፣ እንሂድ» አልሁ።
ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፦
«ይህ ዝም ብሎ የሚያደባ ነው፤ እንቆይ።»
ገባኝ። ቅላቱ ጠፍቶ፣ የበረደ መስሎ፣
የነካውን ቆዳ የሚያነሣ ብረት አውቃለሁ።
ቆየን። አተረፉልኝ።

ስንመለስ ከሰል አነደድሁ፣ ለገበያ አይደለም፤
ለገዛ ቤቴ እንደዚያ ቀን ሠርቼ አላውቅም።
ትንሽ ሣጥን፣ መቀርቀሪያ፣ ጣት የምታክል ቁልፍ፤
ከማገሩ ሰቀልሁት፣ ልጅ ዘሎ እንዳያተርፍ።
ቁልፉ ከአንጓች ማተብ ጋር ደረቷ ላይ ይውላል።
«ደሟ ሞላ» ካሉም ወዲህ ኪኒኑ ይዋጣል፤
«ማሰሮው ሞላ እንጂ ጎተራው ይቀራል»
ብላለች ሲስተር። ሦስት ወር ይቀጥላል።

ትናንት ፈንታነሽ መጣች፣ «ጠባው» ካሉት አንዷ፦
«ምራቴ ገርጥታለች፣ ሁለት ፍሬ ብትሰጫት?»
አንጓች ቁልፉን በእጇ ሸፈነች።
«ኪኒኔን አላውሳትም። ጣቷን ግን ትወጋ፤
ነገ አብሬያት እሄዳለሁ፣ ሲነጋ።»

ግድግዳው ላይ የጥፍሯ ጉድጓድ እንዳለ ነው።
ጭቃ አቡክቼ ልደፍነው ስል
«ተወው» አለችኝ፣ እንስራዋን አዝላ፤
ዳገቱን ወጣች፣ አንዴ ብቻ ቆማ።